ኪንግ ጂሌት፦ ተጠቅመው የሚጥሉትን ምላጭ ያመጣው ሰው

በሱፐርም ሆነ በሰፈር ማኮሌት ጂሌት የሚለውን ስም ያላየ ሰው አይገኝም። ብዙዎች የፋብሪካ ስም ብቻ ይመስላቸዋል። ጂሌት ግን ሚስትና ልጅ የነበረው፣ ከባዶ ተነስቶ የከበረ፣ የሰበሰበውም ሀብት በእርጅናው ከእጁ ያመለጠው ሰው ነው። የሕይወቱ ታሪክ ዛሬ ብዙ ወንድ ጢሙን በተላጨ ቁጥር ቆዳው ለምን እንደሚቆጣም ያስረዳል።

ሙሉ ስሙ ኪንግ ካምፕ ጂሌት ነው። ኪንግ በእንግሊዝኛ ንጉሥ ማለት ቢሆንም ሰውየው የንጉሥ ዘር አልነበረም፤ ካምፕ ደግሞ የእናቱ የቤተሰብ ስም ነው። የተወለደው በአሜሪካ፣ ዊስኮንሲን በሚባለው ክፍለ ግዛት፣ ጃንዋሪ 5 ቀን 1855 ነው (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ልጅ ሳለ ቤተሰቡ ወደ ቺካጎ ተዛወረ። በ1871 ቺካጎን ያወደመው ታላቁ ቃጠሎ የአባቱን ንግድና የቤተሰቡን ንብረት በላው። ንብረቱን በአንድ ጀምበር አጥቶ እንደ አዲስ የጀመረ ቤተሰብ ምን እንደሚመስል ከዚህ ጣቢያ አድማጮች መካከል የማያውቅ ጥቂት ነው። ኪንግም ትምህርቱን ትቶ ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ ሥራ ገባ። ብዙም ሳይቆይ ከከተማ ከተማ እየዞረ ዕቃ የሚሸጥ ነጋዴ ሆነ፤ ይህ ሥራም ለብዙ ዓመታት እንጀራው ነበር።

ቤተሰቡ ግን ሥራ ፈጣሪ ቤተሰብ ነበር። አባቱና ወንድሞቹ አዳዲስ መሣሪያ መሥራት ይሞካክሩ ነበር። እናቱ ፋኒ ጂሌት በ1887 ያሳተሙት የምግብ አሠራር መጽሐፍ በአሜሪካ ለብዙ አሥርት ዓመታት ተደጋግሞ የታተመ ነው። እንዲያውም በዚያ ቤት መጀመሪያ ስማቸው የታወቀው እናትዮዋ ናቸው።

በዚያ ዘመን ወንድ ጢሙን የሚላጨው በሚታጠፈው ረጅም መላጫ ነበር፤ የድሮ ፀጉር ቆራጮች እጅ ላይ ያየነው ዓይነት ነው። ስለቱ ራቁቱን ስለሆነ እጅ ትንሽ ከተንቀጠቀጠ ደም ይፈሳል። በየጊዜው በቆዳ ጠፍር ላይ መሳል ነበረበት፤ ሲደንዝ ደግሞ ባለሙያ ዘንድ ይወሰዳል። በ1880 ገደማ በኒው ዮርክ ካምፍ የሚባሉ ወንድማማቾች ስለቱን ከቆዳ የሚከላከል መጋረጃ ያለው መላጫ አወጡ። አደጋው ቀነሰ፤ ምላጩ ግን ያው ወፍራም ብረት ስለሆነ ከመሳል አላዳነም።

ጂሌት በ1890ዎቹ መጀመሪያ ላይ ዊልያም ፔይንተር ለሚባል ሰው ኩባንያ መሸጥ ጀመረ። ፔይንተር ማን መሰላችሁ? የጠርሙስ ቆርኪን የፈለሰፈው ሰው ነው። ቢራው ወይም ለስላሳው ሲከፈት ቆርኪው ይወድቃል፤ ለሚቀጥለው ጠርሙስ ሌላ ቆርኪ ያስፈልጋል። ፔይንተርም ለጂሌት የሰጠው ምክር ይኸው ነው፤ ሰው አንድ ጊዜ ተጠቅሞ የሚጥለውና ተመልሶ የሚገዛው ነገር ፈልግ አለው። ጂሌት ምክሩን ጭንቅላቱ ውስጥ ይዞ ዓመታት ዞረ። ቢያስብ ቢያስብ አልመጣለትም።

በዚያው ሰሞን አንድ የሚያስገርም ነገር አደረገ። በ1894 መጽሐፍ አሳተመ፤ መጽሐፉም ንግድን የሚያወግዝ ነበር። ነጋዴዎች እርስ በርስ መፎካከራቸው የሰው ልፋትና ሀብት ማባከን ነው ብሎ ያምን ነበር። ሕዝቡ በሙሉ የሚካፈለው አንድ ትልቅ ኩባንያ ሁሉን ነገር እንዲያመርት፣ አብዛኛው የአሜሪካ ሕዝብም በናያጋራ ፏፏቴ አጠገብ በሚሠራ አንድ ግዙፍ ከተማ እንዲኖርና የፏፏቴው ውኃ ኃይል እንዲሰጠው ሐሳብ አቀረበ። ብክነትን እንዲህ የሚጠላው ሰው ከአንድ ዓመት በኋላ የሚጣል ነገር ፈለሰፈ። ይህ ቅራኔ እስከ ዕለተ ሞቱ አልተፈታም።

በ1895 አንድ ጠዋት፣ ቦስተን አጠገብ ብሩክላይን በሚባል ቦታ፣ ሊላጭ ሲል መላጫው ደንዞ አገኘው። በጠፍር ቢሳልም የማይመለስ ነበር፤ ባለሙያ ዘንድ መሄድ አለበት። እዚያው መስታወቱ ፊት ቆሞ ሳለ ሐሳቡ ሙሉ ሆኖ መጣለት። ቆዳውን የሚነካው የስለቱ ጫፍ ብቻ ከሆነ፣ ያን ሁሉ ወፍራም ብረት መግዛት ለምን ያስፈልጋል? እንደ ወረቀት የሳሳ፣ በሁለት በኩል ስለት ያለው፣ እጀታ ላይ የሚታሰርና ሲደንዝ የሚጣል ምላጭ ይበቃል። ወዲያው ወጥቶ ነሐስ፣ ለሰዓት ሞላ የሚሆን ቀጭን ብረት፣ ትንሽ ሞርሳና ሞረድ ገዛ፤ ለሚስቱም ሀብታም መሆናችን ነው ብሎ ጻፈላት።

ሀብቱ ግን ከስምንት ዓመት በላይ ቆየ። ቀጭን ብረት ለማጠንከር ሲሞቅ ይጣመማል፤ ጠንክሮ ሲሳል ይሰበራል። በቦስተን የነበረው የታወቀው የቴክኖሎጂ ተቋም፣ ኤም.አይ.ቲ.፣ ባለሙያዎች ነገሩ እንደማይሆን ነገሩት። ወዳጆቹም ይቀልዱበት ነበር። ጂሌት የብረት ትምህርት ስላልነበረው አይቻልም የተባለውን ቃል ክብደት አላወቀውም፤ ያዳነውም ይኸው ነው። በመጨረሻ ዊልያም ኒከርሰን የሚባል መሐንዲስ ተገኘ፤ እሱም ከዚያው ተቋም የወጣ ነው። ቀጭኑን ብረት የሚያጠነክረውንና የሚስለውን መሣሪያ የሠራው ኒከርሰን ነው። ስሙ ዛሬ ምንም አይታወቅም፤ ያለ እሱ ግን ጂሌት የሚባል ምላጭ አይኖርም ነበር።

ኩባንያው በ1901 ተመሠረተ፤ ሽያጭ የተጀመረው በ1903 ነው። በዚያ ዓመት የተሸጠው 51 እጀታና 168 ምላጭ ብቻ ነበር። በሚቀጥለው ዓመት ከ90 ሺህ በላይ እጀታ ተሸጠ፤ የፈጠራ ባለቤትነት መብቱም በዚያው በ1904 ተሰጠው። እጀታው 5 ዶላር ነበር፤ ያኔ ለሠራተኛ ሰው የብዙ ቀን ደሞዝ ማለት ነው። በ1915 ለሴቶች የሚሆን መላጫም ወጣ።

የዚህን ዕቃ አሠራር ማወቅ ዛሬም ይጠቅማል። ምላጩ አንድ ብቻ ነው። እጀታው ሲጠብቅ ምላጩን ቆልመም አድርጎ ስለሚይዘው አይንቀጠቀጥም። ከስር ያለው ጥርስ ቆዳውን ገፋ አድርጎ ስለቱ ትንሽ ብቻ እንዲነካው ያደርጋል። ስለዚህ ፀጉሩ የሚቆረጠው በቆዳው ልክ ነው፤ ከቆዳው በታች አይደለም።

ጂሌት በምላጭ መጠቅለያው ላይ ፎቶግራፉንና ፊርማውን አሳተመ። ጢመ ሙሉ ባይሆንም ወፍራም ሪዝ ነበረው። ያ ፊት በብዙ ሚሊዮን ታትሞ ባሕር ተሻገረ፤ ሰውየው በሩቅ አገር ሲጓዝ እንኳ ይለዩት ነበር። በኩባንያው ውስጥ ግን ገንዘብ ያዋጣው ጆን ጆይስ ከእሱ ጋር ለሥልጣን ይታገል ነበር። ጂሌት በመጨረሻ አብዛኛውን ድርሻውን ሸጠ፤ ፕሬዚዳንት የሚለውን ስም ይዞ ዋናው ውሳኔ በሌሎች እጅ ገባ። እሱ ልቡ ያለው በሕልሙ ከተማ ላይ ነበር። በ1910 የዓለም ኩባንያ ያለውን ሊያቋቁም ተነሣ፤ ከሥልጣን ለወረዱት ለፕሬዚዳንት ቴዎዶር ሩዝቬልት እንዲመሩለት አንድ ሚሊዮን ዶላር አቀረበላቸው። ሩዝቬልት እምቢ አሉ።

ምላጩን በየቤቱ ያስገባው ጦርነት ነው። አሜሪካ በ1917 አንደኛውን የዓለም ጦርነት ስትቀላቀል መንግሥት ለወታደሮቹ 3.5 ሚሊዮን መላጫ አዘዘ። የመርዝ ጋዝ መከላከያው ጭምብል ፊት ላይ እንዲገጥም ጢም መላጨት ነበረበት። ወታደሩ ሲመለስ መላጫውን ይዞ ተመለሰ፤ በየጠዋቱ ቤቱ መላጨትም ለመደ።

ከዚያ በኋላ ቁልቁለቱ መጣ። በ1921 የባለቤትነት መብቱ ዘመን አበቃና ማንም ምላጩን መሥራት ቻለ። በ1930 ኩባንያው ከአንድ ተፎካካሪ ጋር በምላጭ ንድፍ ተጣልቶ በመጨረሻ ለመዋሐድ ሲስማሙ ሒሳቡ ተመረመረ፤ ትርፉ ለዓመታት ተጋንኖ ሲመዘገብ እንደነበርም ታወቀ። የአክሲዮኑ ዋጋ ወደቀ። የታላቁ የኢኮኖሚ ውድቀት ጊዜ ስለነበር ጂሌት በካሊፎርኒያ የገዛው መሬትም ዋጋ አጣ። በ1931 ፕሬዚዳንትነቱን ለቀቀ፤ ጁላይ 9 ቀን 1932 በ77 ዓመቱ፣ ሀብቱ ሊያልቅ ሲል፣ ሎስ አንጀለስ አጠገብ ካላባሳስ በሚገኘው ርስቱ አረፈ። ርስቱ ዛሬ በስሙ የሚጠራ የሕዝብ መናፈሻ ነው።

ፔይንተር የመከረውን ነገር ኩባንያዎቹ ከእሱ በላይ ገፉበት። በ1971 ሁለት ምላጭ ጎን ለጎን ያለው መላጫ ወጣ፤ ዛሬ አምስት የያዘም አለ። በ1970ዎቹ አጋማሽ ደግሞ የፈረንሳዩ ቢክ፣ ቀጥሎም የጂሌት ኩባንያ ራሱ፣ ከነእጀታው የሚጣለውን የፕላስቲክ መላጫ አወጡ። ጂሌት የጣለው ምላጩን ነበር፤ እጀታው ግን ለልጅ ይተላለፍ ነበር።

ለስላሳና ቀጥ ያለ ፀጉር ላለው ሰው ልዩነቱ ብዙ ላይሆን ይችላል። እንደ እኛ ጥቅልል ፀጉር ላለው ግን ትልቅ ነው። ብዙ ምላጭ ሲያልፍ የፊተኛው ፀጉሩን ይስባል፣ የኋለኛው ከቆዳ በታች ይቆርጠዋል፤ የሾለው ጫፍ ሲያድግ ታጥፎ ቆዳውን መልሶ ይወጋል። አንገት ላይ የሚወጣው ጉብታና ጥቁር ጠባሳ ከዚህ ይመጣል። ስለዚህ ቆዳው ለሚቆጣ ሰው፣ አንድ ምላጭ የሚይዘው የብረት እጀታ ብዙ ጊዜ ከርካሹ ፕላስቲክ ይሻላል፤ አንድ ጊዜ ወድዶ ቢገዛም ምላጩ ርካሽ ስለሆነ ውሎ አድሮ ወጪውን ይመልሳል። ክብደቱ ራሱ ስለሚሠራ መጫን አያስፈልግም፤ ፊትን በሞቀ ውኃ አርሶ፣ አረፋ ቀብቶ፣ ቆዳን ሳይወጥሩ ፀጉሩ በሚበቅልበት አቅጣጫ መላጨት ነው። ርካሹን የሚመርጥም ባለ አንድ ምላጩን ፈልጎ፣ መጎተት ሲጀምር ሳይሳሳ ይጣለው። ጉብታው መግል ከቋጠረ ወይም ጠባሳው እያበጠ ከሄደ ምላጩን አቁሞ ቁፓት ሆሊም የቆዳ ሐኪም ማየት ነው።

እጁ ለሚንቀጠቀጥ አዛውንትና ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ለሚወስድ የኤሌክትሪክ መላጫ ይሻላል። የጢምን ዳር አታጥፉ የሚለው የኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 19 ትእዛዝም አለ፤ በሃላካ ጢምን በምላጭ መላጨት ክልክል ስለሆነ ብዙ ሃይማኖተኞች የሚጠቀሙት እንደ መቀስ የሚቆርጠውን የኤሌክትሪክ መሣሪያ ነው። የትኛው እንደሚፈቀድ ራብን መጠየቅ ይገባል።

የደነዘው ቀጭን ምላጭ የት ይጣል የሚለውም ገና በጂሌት ዘመን ያስቸገረ ነገር ነበር። በአሜሪካ ብዙ የመታጠቢያ ቤት ቁም ሳጥኖች ከጀርባቸው ጠባብ ቀዳዳ ይሠራላቸው ነበር፤ ሰው የደነዘውን ምላጭ በዚያ ሲያሾልከው ግድግዳው ውስጥ ይወድቃል። አሮጌ ቤት የሚያድሱ ግንበኞች እስከ ዛሬ ግድግዳ ሲያፈርሱ የዛገ የምላጭ ክምር ያገኛሉ።