ሐኪም ወርቅነህና ጠባሳውን ያወቁት አያት

ባለፈው ስብሰባችን የማኅበራችንን የብድር መዝገብ ስንዘጋ፣ አብዛኛው ገንዘብ የወጣው ለሕክምና ሆኖ አገኘነው፤ ከገበዝ ማርያም ፍኖተ ሰላም ለመኪና፣ ለካርድ፣ ለመድኃኒት። ሐኪም ባልነበረበት ዘመንስ ሰው እንዴት ይሆን ነበር የሚል ጨዋታ ተነሣና ስለ ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ልንጽፍላችሁ ወደድን።

በ1857 ዓ.ም. ጎንደር ተወለዱ። በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. አፄ ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ ሲሞቱ፣ አራት ዓመት እንኳ ሳይሞላቸው ከቤተሰባቸው ተለያዩ። ቻምበርሌን የሚባል የእንግሊዝ መኮንን ወደ ሕንድ ወሰዳቸው። እሱ ሲሞት ማርቲን የተባለ ሌላ መኮንን የትምህርታቸውን ወጪ ቻለ፤ ስማቸውም ቻርልስ ማርቲን ሆነ። ላሆር ላይ ሕክምና ተምረው በ1874 ዓ.ም. ተመረቁ፤ ስኮትላንድም ሄደው ተጨማሪ ተማሩ። በርማ በሐኪምነት ሲሠሩ የአድዋን ድል ሰሙና አገራቸው ልባቸውን ሳበችው።

በ1891 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲገቡ ከተማዋ ገና ለጋ ነበረች። ከአድዋ በኋላ የሩስያ ቀይ መስቀል ሐኪሞች መጥተው ነበር፤ በዘመናዊ ሕክምና የሠለጠነ የአገር ልጅ ግን እርሳቸው የመጀመሪያው ናቸው። ድንኳን ተክለው በሽተኛ መቀበል ጀመሩ። አማርኛ ግን አይችሉም! የአገሩ ልጅ ሆኖ፣ እናት የልጇን ሕመም ስትነግረው የማይሰማ ሐኪም አስቡ።

ወሬው ዘመዶቻቸው ዘንድ ደረሰና አያታቸው መጡ። ግራ ክንዳቸውና ቀኝ እግራቸው ላይ ያለውን ጠባሳ አይተው የልጅ ልጃቸው መሆናቸውን አወቁ። ወርቅነህ የሚለው ስም የተመለሰላቸው ያኔ ነው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ የአንድ ሕፃን ጠባሳ ያልረሱት አያት፣ እኛን ከዲፕሎማው ሁሉ በላይ ይገርሙናል።

በርማ ተመልሰው ቆይተው በ1900 ዓ.ም. ዳግም መጡ፤ የታመሙትን አፄ ምኒልክንም አከሙ። ኋላ በ1917 ዓ.ም. የተከፈተውን የተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት መሩ፤ ጨርጨርን አስተዳደሩ፤ ጣልያን ሲወርረን ለንደን የኢትዮጵያ ሚኒስትር ነበሩ። እዚያው ሳሉ ነው፣ በ1929 ዓ.ም. ጣልያኖች ሁለት ወንዶች ልጆቻቸውን ዮሴፍንና ቢንያምን የገደሉባቸው።

ከነጻነት በኋላ ተመልሰው በ1945 ዓ.ም. ዐረፉ። አዛዥ የሚል ማዕረግ ነበራቸው፤ ሰው ግን ዛሬም የሚጠራቸው ሐኪም ወርቅነህ ብሎ ነው።