በወጣትነቱ ንግድን ስላቀና ሰው፤ የጆርጅ ካድበሪ ሕይወት

ከዝዋይ ወደ ሻሸመኔ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለችው በአርሲ ነገሌ፣ እንደዚሁም በሞጆና በአዳማ፣ ብዙ ወጣቶች ከትምህርት ቤት እንደ ወጡ ወደ ንግድ ይገባሉ። አንዱ ስንዴና በቆሎ ገዝቶ ይሸጣል፤ ሌላው ሱቅ ይከፍታል፤ ሌላውም ከአባቱ የተረከበውን ሥራ ያካሂዳል። ይህ የሚያስመሰግን እንጂ የሚያሳፍር አይደለም፤ በገዛ ወዙ የሚበላ ሰው በማንም ላይ ሸክም አይሆንምና። ነገር ግን ወጣት ነጋዴ ገና በመጀመሪያው ዓመት አንድ ፈተና ያገኘዋል፤ ይኸውም ኪሳራ በመጣ ጊዜ ዕቃውን በመቀላቀል ወይም ሚዛኑን በማጉደል ኪሳራውን ለመሙላት መፈለግ ነው። በሃያ አንድ ዓመቱ ይህ ፈተና ያገኘውን የአንድ ሰው ሕይወት ከዚህ ቀጥለን እንነግራለን፤ የዘመኑም ቍጥር እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

ጆርጅ ካድበሪ በ1839 በእንግሊዝ አገር በቢርሚንግሃም ከተማ አጠገብ ተወለደ። አባቱ ጆን ካድበሪ በ1824 በዚያችው ከተማ ሱቅ ከፍቶ ሻይ፣ ቡናና ካካዎ ይሸጥ ነበር፤ በ1831ም ካካዎውን ራሱ እያዘጋጀ መሸጥ ጀመረ። ቤተ ሰቡ የወዳጆች ማኅበር፣ በሌላ ስም ኴከር ከሚባለው የክርስቲያን ወገን ነበረ። በዚያ ዘመን በእንግሊዝ ከተሞች ብዙ ድኻ ሠራተኛ ደመወዙን በመጠጥ ቤት ጨርሶ ባዶ እጁን ወደ ልጆቹ ይመለስ ነበር። ስለዚህ ጆን ካድበሪ በአረቄ ፋንታ ሰው የማያሰክር ትኩስ መጠጥ እንዲለምድ ይመኝ ነበር። የአገራችን ቡናም ከነዚህ መጠጦች አንዱ መሆኑ ለአንባቢ ደስ የሚያሰኝ ነገር ነው።

እናቱ በ1855 ሞተች፤ የአባቱም ጤና ታወከ፤ ንግዱም ከዓመት ወደ ዓመት እየደከመ ሄደ። በ1861 ጆርጅ በሃያ አንድ ዓመቱ፣ ወንድሙ ሪቻርድም በሃያ አምስት ዓመቱ ሥራውን ተረከቡ። የተረከቡት ግን ሀብት ሳይሆን የሚከስር ቤት ነበረ። እያንዳንዳቸው ከእናታቸው የወረሱትን 4,000 ፓውንድ አገቡበት፤ ያም ገንዘብ በየዓመቱ ጐደለ። ጆርጅ ከማለዳ እስከ ማታ ይሠራ ነበር፤ ወጪውንም ለመቀነስ ሲል ጋዜጣ መግዛትን ተወ፤ በሱቁ የሚሸጠውን ሻይና ቡና እንኳ ራሱ አይጠጣም ነበር። ሁለቱ ወንድማማች የሰው ገንዘብ ሳይነኩ የራሳቸው ገንዘብ ያለቀ እንደ ሆነ ቤቱን ዘግተው፣ ጆርጅ ወደ ሂማላያ ተራራ አገር ሄዶ ሻይ ሊተክል፣ ሪቻርድም መሬት ለኪ ሊሆን ቈርጠው ነበር። የአበዳሪን ገንዘብ ይዞ መውደቅን እንደ ስርቆት ይቈጥሩት ነበርና። በ1864 ግን ጥቂት ትርፍ ታየ።

አሁን ወደ ፈተናው እንመለስ። የካካዎ ፍሬ እጅግ ቅባታም ነው፤ ተፈጭቶ በሙቅ ውኃ ሲበጠበጥ ቅባቱ በላዩ ይንሳፈፋል። ስለዚህ ነጋዴዎቹ ቅባቱን እንዲመጥላቸው የድንች ዱቄትና ይህን የመሰለ ነገር ይጨምሩበት ነበር፤ ዱቄቱም ከካካዎ የረከሰ ስለ ሆነ የሚጨመረው ከልክ በላይ በዛ። ቀለሙ እንዲያምርለት የጡብ ዱቄት የሚቀላቅል እንኳ አልታጣም። ከካድበሪ ቤት የሚሸጠውም መጠጥ ቢሆን ከአምስት እጅ አንዱ ብቻ ካካዎ የሆነበት ጊዜ ነበረ። ሁሉም እንዲህ ያደርግ ስለ ነበረ የሚወቅሰው ሰው አልነበረም፤ ጆርጅ ግን በልቡ አላረፈም።

በሆላንድ አገር ቫን ሁተን የሚባለው ቤት ቅባቱን ጨምቆ የሚያወጣ መኪና እንዳለው ሰማ። የአገሩን ቋንቋ ሳያውቅ ወደዚያ ተሻግሮ መኪናውን ገዛ፤ በ1866ም ምንም ያልተቀላቀለበትን ካካዎ ለገበያ አወጣ። ቤቱ ገና ከኪሳራ የተነሣ ስለ ነበረ ይህ ብርቱ ድፍረት ነበር። ንጹሑ ካካዎ በዋጋ ከተቀላቀለው ይበልጣል፤ ገዢው ንጹሕነቱን ባይረዳና ፊቱን ቢያዞር ሁለቱ ወንድማማች ባዶ እጃቸውን በቀሩ ነበር። ነገር ግን ሐኪሞች ንጹሑን ካካዎ አመሰገኑት፤ በ1872ና በ1875ም የእንግሊዝ መንግሥት የምግብን መቀላቀል የሚከለክል ሕግ አወጣ። ሕጉ በወጣ ጊዜ ሌሎች ነጋዴዎች ሲደነግጡ የካድበሪ ቤት የሚፈራው ነገር አልነበረውም። ተጨምቆ የወጣውም ቅባት አልተጣለም፤ የሚበላውን ቸኮላታ ለመሥራት ዋለ።

ሥራው በሰፋ ጊዜ የቀድሞው ቤት ጠበበ። በ1879 ከከተማው ጢስ ወጥተው ቦርንቪል ብለው በሰየሙት ሜዳ ላይ አዲስ ፋብሪካ ከፈቱ። ጆርጅ ለሠራተኛው የቅዳሜን ከሰዓት በኋላ ዕረፍት ሰጠው፤ በ1895ም በፋብሪካው አጠገብ በገዛው መሬት ላይ እያንዳንዱ አትክልት ቦታ ያለው ቤት ያሠራ ጀመር። በ1900 መሬቱንና ቤቶቹን ከራሱና ከልጆቹ ርስትነት አውጥቶ ለባለ ዐደራ ማኅበር ሰጠ፤ በዚያም ሰፈር መጠጥ ቤት እንዲከፈት አልፈቀደም። ከዚህም ሌላ ከወጣትነቱ ጀምሮ ኀምሳ ዓመት ያህል እሑድ እሑድ በማለዳ እየተነሣ ፊደል ያልቈጠሩ ሠራተኞችን ማንበብና መጻፍ ያስተምር ነበር።

ይህ ሁሉ መልካም ቢሆንም የዚህን ሰው ነውር ሰውሮ ማለፍ እውነተኛ ታሪክ አይሆንም። ቤቱ ከሚገዛው ካካዎ ግማሽ ያህሉ ፖርቱጋሎች ይገዙት ከነበረው ከሳኦ ቶሜ ደሴት ይመጣ ነበር። በ1901 በዚያ የሚሠሩት ጥቍር ሰዎች በውል ስም ከአንጎላ የተወሰዱ ባሮች እንደ ሆኑ ወሬ ደረሰ። የካድበሪ ቤት ነገሩን መመርመር ጀመረ፤ በ1905ም መልእክተኛ ላከ። ነገር ግን መግዛቱን ብናቆም በፖርቱጋሎች ዘንድ የምንሰማበት ኀይል አይኖረንም በማለት እስከ 1909 ድረስ ከዚያው መግዛቱን አልተወም። ስታንዳርድ የሚባለው ጋዜጣ በነቀፋቸው ጊዜ ወደ ፍርድ ቤት ሄዱ፤ ፈራጆቹም ለካድበሪ ፈረዱ፤ ካሣውን ግን የአንድ ፔኒ ሩብ ብቻ አደረጉት። ለዱቄቱ ንጹሕነት እንደዚያ የተጠነቀቀ ሰው፣ ዱቄቱን ያስገኘው እጅ በሰንሰለት መያዙን ከሰማ በኋላ ስምንት ዓመት ዘገየ። ጆርጅ ካድበሪ በ1922 በሰማንያ ሦስት ዓመቱ ሞተ።

የአርሲ ነገሌ ወጣቶች ሆይ፤ ከዚህ ሕይወት ሁለት ነገር ተማሩ። አንደኛው በእጃችሁ ስላለው ዕቃ ነው። በርበሬ ላይ የሸክላ ዱቄት፣ በቅቤ ውስጥ ሌላ ስብ፣ በማር ውስጥ ስኳር መጨመር፣ ስንዴውንም እንዲከብድ ውኃ ማርከፍከፍ፣ ሁሉም ያደርገዋል ተብሎ አይጸድቅም። ኪሳራ ቢመጣ ወጪያችሁን ቀንሱ እንጂ ሚዛናችሁን አትቀንሱ።

ሁለተኛው ዕቃው ከየት እንደሚመጣና ወዴት እንደሚሄድ ነው። በከተማችሁ ብዙ እናቶች አረቄ አውጥተው ልጆቻቸውን ያሳድጋሉ፤ ከእሳቱ አጠገብ ሲደክሙ የሚያይ ሰው በእነርሱ ላይ ሊፈርድ አይደፍርም። ነገር ግን ያን አረቄ በመኪና ጭኖ የሚያተርፈው ነጋዴ፣ እሳቱ ከሙኔሳ ደን ስንት ዛፍ እንደሚበላ፣ መጠጡም በስንት ሰው ቤት ረኃብ እንደሚያገባ ሊጠይቅ ይገባዋል። ለእነዚያም እናቶች የተሻለ እንጀራ የሚያስገኝ ሥራ የሚከፍት ወጣት ከመካከላችሁ ቢነሣ፣ የጆርጅ ካድበሪን መልካሙን መንገድ ተከተለ፤ ሳይዘገይ ቢያደርገው ግን ከእርሱ ይሻላል።