በዓሉ ግርማ፦ ጉዞው ቃሊቲ ላይ የተቋረጠው ደራሲ

ከአዲስ አበባ ተነስቶ በቃሊቲና በአቃቂ በኩል ወደ ደብረ ዘይት የሚወስደው መንገድ ለአካባቢው ነዋሪ የዕለት ተዕለት መንገድ ነው። ገበሬው እህሉን ያመላልስበታል፤ የፋብሪካ ሠራተኛው ማለዳና ማታ ይመላለስበታል። የአማርኛ ሥነ ጽሑፍ አንባቢ ግን ይህን መንገድ በሌላ ነገር ያስታውሰዋል። ከየካቲት 6 ቀን 1976 ዓ.ም. በኋላ የደራሲና ጋዜጠኛ በዓሉ ግርማ ቮልስዋገን ባለቤቱ ሳይኖርበት ቆሞ የተገኘው በዚሁ መንገድ፣ ቃሊቲ አካባቢ ነበር።

በዓሉ በጣሊያን ወረራ ዘመን በኢሉባቦር፣ ሱጴ በተባለ ስፍራ ከኢትዮጵያዊት እናትና ከህንዳዊ አባት ተወለደ። ለትምህርት አዲስ አበባ መጥቶ በጄኔራል ዊንጌት፣ ቀጥሎም በዩኒቨርሲቲ ተማረ። ወደ አሜሪካም ተሻግሮ በሚሺጋን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዲግሪውን አገኘ። ሲመለስ ሥራው ጋዜጠኝነት ሆነ፤ መነን መጽሔትን፣ አዲስ ሪፖርተርን፣ ሄራልድንና አዲስ ዘመንን በአዘጋጅነት መራ። የኋላ ልብ ወለዶቹ አጭርና ፈጣን ዓረፍተ ነገር የዜና ክፍል ያስተማረው ሳይሆን አይቀርም።

በ1962 ዓ.ም. የወጣው ከአድማስ ባሻገር ብዙ ከተሜን ከራሱ ጋር ያገናኘ መጽሐፍ ነው። ዋናው ባለታሪክ አበራ ወርቁ የቢሮ ሠራተኛ ነው፤ ነፍሱ ግን ሥዕል ትፈልጋለች። በደመወዝና በጥበብ መካከል የተወጠረው ይህ ሰው በወቅቱ በየመሥሪያ ቤቱ ይገኝ ነበር፤ ዛሬም አልጠፋም። የህሊና ደወልና በኋላ ዳግም የተሠራው ሐዲስ ደግሞ አንባቢውን ከከተማ አውጥተው ደራሲው ወደተወለደበት ሱጴ ይወስዱታል። በዚያም አንድ ወጣት መምህር ከገጠሩ ሕዝብ ጋር ትምህርት ቤት ለማቆም ይደክማል። ስለ ገበሬው ልጅ የመማር ጥማት በአማርኛ ከተጻፉት ልብ ወለዶች መካከል ሐዲስን የሚያህል ጥቂት ነው። ደራሲው የተሰኘው ሥራው የሚያሳየው የጥበብ ሰውን ኑሮ ሲሆን፣ ዋናው ባለታሪክ ሲራክ በስብሐት ገብረእግዚአብሔር አምሳል እንደተቀረጸ በሰፊው ይነገራል።

በደርግ ዘመን በዓሉ በማስታወቂያ ሚኒስቴር እስከ ቋሚ ተጠሪነት ደረሰ። መንግሥት በ1974 ዓ.ም. በኤርትራ የቀይ ኮከብ ዘመቻን ሲከፍት፣ የዘመቻውን የፕሮፓጋንዳ ሥራ ከያዙት ሰዎች ጋር አስመራ ወረደ። ያየውን ወደ ልብ ወለድ ለወጠው። በ1975 ዓ.ም. በኩራዝ አሳታሚ ድርጅት የታተመው ኦሮማይ ጋዜጠኛውን ጸጋዬ ኃይለማርያምን ተከትሎ በጦርነትና በፍቅር መካከል ያልፋል። ርዕሱ ከጣሊያንኛ ወደ አስመራ አፍ የገባ ቃል ነው፤ አበቃለት እንደ ማለት ነው። ሹማምንቱ ስማቸው ቢለወጥም መልካቸውን በመጽሐፉ ውስጥ አዩት፤ አንባቢውም ማን ማን እንደሆነ ለመለየት አልተቸገረም።

መጽሐፉ ገበያ ላይ እምብዛም ሳይቆይ ተከለከለ፤ ቅጂዎቹም ተለቀሙ። በዓሉ ከሥራው ተባረረ። ያመለጡት ቅጂዎች ግን ከእጅ ወደ እጅ በምስጢር ዞሩ። አንድ መጽሐፍ በአንድ ሌሊት አንብቦ ለተረኛው ማቀበል የዚያ ዘመን አንባቢ ልማድ ሆነ። ከልካዩ ሳያስበው መጽሐፉን ይበልጥ ተፈላጊ አደረገው ማለት ይቻላል።

በዓሉ ከሥራ ውጭ ሆኖ ወራት አሳለፈ። በዚያ የየካቲት ምሽት መኪናውን አስነስቶ ከቤቱ እንደወጣ አልተመለሰም። ባለቤቱና ልጆቹ ጠበቁት። መኪናው ቃሊቲ ተገኘ፤ እርሱ ግን አልተገኘም። በ1983 ዓ.ም. ሥርዓቱ ከወደቀ በኋላም ስለ መጨረሻው ሰዓቱ ብዙ ተወራ፤ ቤተሰቡ የሚያለቅስበት መቃብር ግን አላገኘም።

መጻሕፍቱ ደጋግመው ታትመዋል፤ ደራሲ እንዳለጌታ ከበደም የሕይወት ታሪኩን ጽፏል። ኦሮማይ በ2017 ዓ.ም. ወደ እንግሊዝኛ ተመልሶ ለንደን ላይ ታትሟል። የአማርኛው ቅጂ ዛሬ በአዲስ አበባ የመጻሕፍት መደብሮች ማንም ሳይደብቀው ይሸጣል።