ኒኮላይ ቫቪሎቭ፦ ዘር ሲሰበስቡ ኖረው በረሃብ ያለፉ ሳይንቲስት

ኒኮላይ ኢቫኖቪች ቫቪሎቭ እ.ኤ.አ. በ1887 በሞስኮ ከተማ ተወለዱ። የግብርና ትምህርታቸውን ካጠናቀቁ በኋላ ሰብሎች በሽታን እንዴት እንደሚቋቋሙ አጠኑ፤ ቀጥሎም በሌኒንግራድ የነበረውን ታላቅ የዕፅዋት ምርምር ተቋም መሩ። እምነታቸው አንድ ተክል በብዙ ዓይነት የሚገኝበት አካባቢ የተክሉ መነሻ ነው፣ በሽታን የሚቋቋም ዘርም ከዚያ ይገኛል የሚል ነበር።

በዚህም ምክንያት ብዙ አገሮችን ዞሩ። እ.ኤ.አ. በ1927 በአገራችን ተገኝተው ከራስ ተፈሪ ጋር ተገናኙ፤ ከአዲስ አበባ ተነስተው በጎንደርና በአክሱም በኩል ሲጓዙም የስንዴና የገብስ ዘሮችን ሰበሰቡ። እ.ኤ.አ. በ1929 ደግሞ በዛሬዋ ካዛክስታን፣ አልማቲ አጠገብ ያሉትን የዱር አፕል ደኖች ተመልክተው የአፕል መነሻ እዚህ ነው አሉ። ከብዙ ዓመታት በኋላ በዘረ መል የተደረጉ ጥናቶች የምንመገበው አፕል ዋና ዘሩ ከእነዚሁ ደኖች መሆኑን አረጋግጠዋል።

ውድ አንባብያን፣ ዛፍ ማሻሻል ትዕግሥት ይጠይቃል፤ ችግኝ ፍሬ እስኪሰጥ ዓመታት ይፈጃልና። ዛሬ ግን ተመራማሪዎች ከተፈላጊው ጠባይ ጋር አብሮ የሚወረስ የዘረ መል ምልክት ይጠቀማሉ። ከለጋ ችግኝ ጥቂት ቅጠል ወስደው በላቦራቶሪ ይመረምራሉ፤ የአፕልን ቅጠልና ፍሬ የሚያበላሸውን የፈንገስ በሽታ የመቋቋም ምልክት ያለውን ያስቀራሉ፣ ሌላውን ያስወግዳሉ። ሆኖም ምልክቱ ካለው ውስጥ ለመምረጥ ይረዳል እንጂ የጠፋውን ዝርያ አይመልስም።

የቫቪሎቭ ፍጻሜ አሳዛኝ ነው። የዘር ውርስ ሳይንስን የማይቀበለው ትሮፊም ሊሴንኮ በስታሊን ዘንድ ተሰሚነት ሲያገኝ ቫቪሎቭ ከሳይንሳቸው አላፈገፈጉም። እ.ኤ.አ. በ1940 ዘር በመሰብሰብ ላይ ሳሉ ተያዙ፤ በ1943 በሳራቶቭ እስር ቤት በረሃብ ተጎሳቁለው በ55 ዓመታቸው አረፉ። ሌኒንግራድ በጀርመን ጦር በተከበበች ጊዜም በርካታ የተቋማቸው ባልደረቦች የሚጠብቁትን ዘር ሳይነኩ በረሃብ ሞቱ። በቫቪሎቭ ላይ የተላለፈው ፍርድ እ.ኤ.አ. በ1955 ተሰረዘ።

የዓረቢካ ቡና የዱር ዝርያዎች በደቡብ ምዕራብ ደኖቻችን ይገኛሉ። ቡናም ፍሬ ለመስጠት ዓመታት የሚፈጅ ተክል ነው። የነገው ተመራማሪ በምልክት የሚመርጠው ዘር እንዲኖረው፣ ደኑን ዛሬ ከምንጣሮ መጠበቅ የእኛ የአርሶ አደሮች ድርሻ ነው።