ልዕልት ዳያና እና ቡሊሚያ

ቡሊሚያ ነርቮሳ ያለበት ሰው ብዙ ጊዜ ከሲታ አይደለም። ክብደቱ ከሌላው ሰው ስለማይለይ ቤተሰቡ ለዓመታት ላያውቅ ይችላል። የእንግሊዟ ልዕልት ዳያና ካሜራ የማይለያት ሰው ነበረች፤ ሕመሟ ግን ለረጅም ጊዜ ለሕዝብ ተደብቆ ቆይቷል።

ዳያና በ1961 እ.ኤ.አ. ኖርፎክ ውስጥ ተወለደች። ወላጆቿ ገና በልጅነቷ ተፋቱ። በየካቲት 1981 ከልዑል ቻርልስ ጋር ስትታጭ 19 ዓመቷ ነበር። ኋላ እንደተናገረችው ሕመሙ የጀመራት ከታጨች ከሳምንት በኋላ ነው፤ እጮኛዋ ወገቧን ይዞ ስለ ውፍረቷ የተናገራት ነገር እንደቀሰቀሰው ታምን ነበር። (ቡሊሚያ በአንድ ንግግር ብቻ አይመጣም፤ በዘር የሚወረስ ተጋላጭነት፣ ጭንቀትና ለራስ የሚሰጥ ዝቅተኛ ግምትም ድርሻ አላቸው።) የሠርግ ልብሷ መጀመሪያ ሲለካ ወገቧ 29 ኢንች ነበር፤ ሐምሌ ላይ ስታገባ ከ24 በታች ወርዷል።

በዚያን ጊዜ የሕመሙ ስም ራሱ አዲስ ነበር። የለንደኑ የአእምሮ ሐኪም ጄራልድ ራስል ስሙን ያወጡለት በ1979 ነው።

ዳያና በቀን አራት አምስት ጊዜ ሆዷን ሞልታ ታስመልስ ነበር። ይህ ለጊዜው የሚያጽናና ይመስላል፤ ወዲያው ግን ኀፍረትና ራስን መጥላት ይከተላል። በዙሪያዋ የነበሩ አንዳንዶች ምግብ እንደምታባክን አድርገው ያዩት ነበር። እንዲህ ያለ ወቀሳ ሕመምተኛውን የበለጠ እንዲደበቅ ያደርገዋል። መደበቁ ደግሞ አደገኛ ነው፦ ደጋግሞ ማስመለስ የጥርስን ሽፋን ይበላል፣ በደም ውስጥ ያለውን ፖታሲየም ቀንሶ የልብ ምትን ሊያዛባ ይችላል። ራስን መሳት፣ የልብ ምት መዛባት ወይም ደም የተቀላቀለበት ትውከት ካዩ ሳይዘገዩ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ።

በ1988 አንዲት የቅርብ ጓደኛዋ ሐኪም ካላማከረች ነገሩን ይፋ እንደምታወጣባት አስጠነቀቀቻት። ማስፈራራት ለሁሉም አይመከርም፤ ዳያናን ግን ወደ አእምሮ ሐኪም አደረሳት። በየሳምንቱ እየተገናኙ ሲነጋገሩ ቀስ በቀስ ተሻላት። ዛሬም ዋናው ሕክምና አስተሳሰብንና ልማድን ለመለወጥ የሚረዳ የንግግር ሕክምና ነው፤ ለአንዳንዶች ፍሉኦክሰቲን የተባለ መድኃኒት ይጨመራል።

በ1993 ለንደን ውስጥ ስለ አመጋገብ መዛባት በተደረገ ጉባኤ ላይ ንግግር አደረገች። በ1995 ደግሞ ከ20 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ባየው የቴሌቪዥን ቃለ መጠይቅ ስለ ራሷ ሕመም በግልጽ ተናገረች። በነሐሴ 1997 ፓሪስ ውስጥ በመኪና አደጋ ስትሞት 36 ዓመቷ ነበር። የእንግሊዝ ሐኪሞችን መዝገብ ያጠኑ ተመራማሪዎች በቡሊሚያ ምክንያት ለመጀመሪያ ጊዜ የተመዘገቡ ሕመምተኞች ቁጥር በ1996 ከፍተኛው ደረጃ ላይ እንደደረሰና ከዚያ በኋላ እንደቀነሰ አግኝተዋል፤ ብዙዎች ወደ ሐኪም የሄዱት እሷ ስለተናገረች ሳይሆን አይቀርም ብለዋል።