የጠፈርን መንገድ የቀየሰው የወረዳ መምህር

ሰው ወደ ጠፈር ከመውጣቱ በፊት የመውጫውን ሒሳብ የሠራው ማነው ቢባል፣ ብዙዎቻችን የአንድ ትልቅ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ይመስለናል። ነገሩ ግን እንዲያ አይደለም። ሰውየው ጠመኔ ይዞ ሰሌዳ ፊት የሚቆም የሒሳብ አስተማሪ ነበር። ስሙ ኮንስታንቲን ጺዮልኮቭስኪ ይባላል። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ጺዮልኮቭስኪ በ1857 ዓ.ም. በሩሲያ አገር ኢዥየቭስኮዬ በምትባል መንደር ተወለደ። አባቱ የደን ባለሙያ ነበር። ልጁ አሥር ዓመት ገደማ ሲሆነው ስካርሌት ፊቨር የሚባል የትኩሳት በሽታ ያዘውና ጆሮውን አደነቆረው። በ13 ዓመቱ ደግሞ እናቱ ሞተችበት። አስተማሪው የሚናገረውን ደህና አድርጎ መስማት ስላልቻለም ትምህርቱን ሳይጨርስ ቀረ።

በ16 ዓመቱ አባቱ ይማር ብሎ ወደ ሞስኮ ሰደደው። ዩኒቨርሲቲ ግን አልገባም። ለ3 ዓመት ትምህርት ቤቱ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ሆነ። ኒኮላይ ፊዮዶሮቭ የተባለ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ መጻሕፍት እያቀረበ ረዳው። ከቤት በወር የሚላክለት ከ10 እስከ 15 ሩብል ብቻ ነበር። እሱኑም ለመጽሐፍና ለሙከራ ዕቃ ያውለውና ጥቁር ዳቦ እየበላ ያድራል።

በ1879 ዓ.ም. በግል ተፈትኖ የመምህርነት ማረጋገጫ አገኘ። በሚቀጥለው ዓመት ቦሮቭስክ በምትባል ትንሽ ከተማ ሒሳብና ጂኦሜትሪ ማስተማር ጀመረ። የሰው ድምፅ ለመስማት እንደ ጥሩምባ ያለ ማድመጫ ራሱ ከቆርቆሮ እየሠራ ይጠቀም ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ እንበል። ጺዮልኮቭስኪ በቦሮቭስክ ሳለ ስለ ጋዞች ባሕርይ ጥናት አዘጋጅቶ በሴንት ፒተርስበርግ ለነበረው የፊዚክስና የኬሚስትሪ ማኅበር ላከ። ምን ያደርጋል! ነገሩ ከሩብ ምዕት ዓመት ገደማ በፊት በሌሎች ተገኝቶ ኖሯል። ታዲያ ይህ ሁሉ ድካም ለምን ባከነ? አእምሮ አንሶት አይደለም። ያነሰው መጽሔትና የሚያማክረው ምሁር ነው። ደግነቱ የማኅበሩ ሊቃውንት አልናቁትም፤ ችሎታውን አይተው አበረታቱት።

በ1892 ዓ.ም. ወደ ካሉጋ ተዛወረ። በ1897 ዓ.ም. አየር በሚንቀሳቀስ አካል ላይ ያለውን ግፊት የሚለካበት፣ ነፋስ የሚነፋ መሣሪያ በገዛ እጁ ሠራ። የሳይንስ አካዳሚውም ለዚሁ ምርምር በኋላ 470 ሩብል ሰጠው። ገንዘቡ ብዙ አልነበረም፤ ግን ሥራውን አራመደለት።

በዚያው በ1897 ዓ.ም. ዝነኛውን የሮኬት ቀመር አገኘ። ቀመሩ የሚለው እንዲህ ነው፦ ሮኬት የሚደርስበት ፍጥነት የሚወሰነው በሚተፋው ጋዝ ፍጥነትና፣ ከነነዳጁ ያለው ክብደት ነዳጁ ካለቀ በኋላ ከሚቀረው ጋር ሲነጻጸር ባለው ብልጫ ነው። በ1903 ዓ.ም. ባሳተመው ጥናት ፈሳሽ ሃይድሮጅንና ፈሳሽ ኦክሲጅን ነዳጅ ሊሆኑ እንደሚችሉ አስረዳ። በ1929 ዓ.ም. ደግሞ ነዳጃቸውን እየጨረሱ በየተራ ስለሚለያዩ ተቀጣጣይ ሮኬቶች ጻፈ።

ለ40 ዓመት ያህል ካስተማረ በኋላ በ1921 ዓ.ም. የዕድሜ ልክ ጡረታ ተሰጠው። ያን ጊዜ 64 ዓመቱ ነበር። በመስከረም ወር 1935 ዓ.ም. በካሉጋ ዐረፈ። በተወለደ በ100ኛው ዓመት፣ በ1957 ዓ.ም. ስፑትኒክ ወደ ጠፈር ወጣች፤ በ1961 ዓ.ም. ጋጋሪን ተከተለ።

እኛ ከዚህ ምን እንማራለን? ጎበዝ ሰው ያለ ረዳትም ይወጣል ማለት ይቀለናል። ግን የባከኑትን ዓመታት እንቁጠራቸው እንጂ! ለጺዮልኮቭስኪ መጽሐፍ ያቀረበ አንድ ሰው፣ መልስ የጻፈ አንድ ማኅበር፣ 470 ሩብል የሰጠ አንድ አካዳሚ ነበር፤ ያም ቢሆን እየዘገየ ነው የደረሰለት። የነጻ ትምህርት ዕድልም ሆነ የዩኒቨርሲቲ ትብብር ጥቅሙ ይኸው ነው፤ ችሎታ ያለው ልጅ የተገኘውን እንደገና በመፈለግ ዕድሜውን እንዳይጨርስ ያደርገዋል።

ነገ የምንመደብበት ትምህርት ቤት ከዩኒቨርሲቲ የራቀ ሊሆን ይችላል። እንግዲያው መንገዱን የምናሳየው እኛ ነን። ለዩኒቨርሲቲዎች እንጻፍ፣ መጽሔት እንለምን፣ የነጻ ትምህርት ማስታወቂያ ሲወጣ ለተማሪው እናድርስለት። ከኋላ ወንበር ተቀምጦ የምንናገረውን የማይሰማውን ልጅም ሰነፍ ከማለታችን በፊት ጠጋ ብለን እንየው።