ማሪ ኩሪና የራዲየም ፍለጋ

ማሪ ኩሪ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1867 በፖላንድ አገር በዋርሶ ከተማ ተወለደች። አባቷ የሒሳብና የፊዚክስ መምህር ነበሩ። እናቷ የሞቱባት ገና በ10 ዓመት ዕድሜዋ ነው። በዚያን ዘመን ዋርሶ በሩሲያ ቄሣር አገዛዝ ሥር ነበረች፤ የከተማይቱ ዩኒቨርሲቲም ሴቶችን አይቀበልም ነበር። ስለዚህ ማሪ በሰው ቤት ልጆች እያስተማረች፣ በፓሪስ ሕክምና ለምትማረው እኅቷ ገንዘብ ትልክ ነበር። በ1891 እርሷም በተራዋ ወደ ፓሪስ ሄደች። ብርዱንና ችግሩን ችላ በመማር በ1893 በፊዚክስ አንደኛ ሆና ተመረቀች። በ1895 ከፊዚክስ ሊቁ ከፒዬር ኩሪ ጋር ተጋባች።

በ1896 አንሪ ቤክሬል የተባለው ሳይንቲስት ዩራኒየም የማይታይ ጨረር እንደሚያወጣ ደርሶበት ነበር። ማሪ ፒችብሌንድ የተባለውን ማዕድን ስትመረምር፣ ጨረሩ በውስጡ ካለው ዩራኒየም ከሚጠበቀው በላይ በርትቶ አገኘችው። ልኬቱን ደጋግማ ብታረጋግጥም ውጤቱ አልተለወጠም። ማዕድኑ የብዙ ነገሮች ድብልቅ ስለሆነ፣ ያልታወቀ ንጥረ ነገር በውስጡ መኖር አለበት ስትል ደመደመች። በ1898 ባልና ሚስቱ ሁለት አዳዲስ ንጥረ ነገሮችን አስታወቁ። አንዱን በትውልድ አገሯ ስም ፖሎኒየም፣ ሁለተኛውን ራዲየም አሏቸው።

ይሁን እንጂ ራዲየምን ለብቻው ለይቶ ያየ ሰው አልነበረም። ጨው በውኃ ቢሟሟ፣ ውኃው ሲተን ጨው ይቀራል። ራዲየምን መለየት ግን እንዲህ ቀላል አልነበረም፤ መጠኑ እጅግ ጥቂት ከመሆኑም በላይ ባሕርዩ ከባሪየም ጋር በጣም ይመሳሰላል። ማሪ ጣራው በሚያፈስ አሮጌ መጋዘን ውስጥ በብዙ ቶን የሚቆጠር የማዕድን ዝቃጭ በትልልቅ ድስት እያፈላች፣ ቁመቷን በሚያህል ብረት ታማስል ነበር። የሁለቱ ንጥረ ነገሮች ክሎራይድ በሙቅ ውኃ ሟሙቶ ሲቀዘቅዝ፣ የራዲየሙ ክሎራይድ ከባሪየሙ ቀድሞ ወደ ክሪስታልነት ያደላል። እርሷም ክሪስታሉን እየለየች፣ እንደገና እያሟሟች፣ ይህንኑ ደጋግማ ሠራች። ከአራት ዓመት ገደማ ድካም በኋላ በ1902 ከ0.1 ግራም የማይበልጥ ራዲየም ክሎራይድ አገኘች። ይህም ቢሆን የራዲየምና የክሎሪን ውሑድ ነው። ብረቱን ራሱን ከአንድሬ ደቢየርን ጋር ለብቻው ያወጣችው በ1910 ነበር።

በ1903 ከባሏና ከቤክሬል ጋር የፊዚክስን የኖቤል ሽልማት ተቀበለች። ባልና ሚስቱ ራዲየምን የማውጣቱን ዘዴ ለማንም ሳይሸጡ ለዓለም በነፃ ሰጡ። በ1906 ፒዬር በፈረስ ጋሪ አደጋ ሞተ። ማሪ ግን ሐዘኗን ችላ የእርሱን የማስተማር ሥራ በመያዝ በሶርቦን የመጀመሪያዋ ሴት መምህር ሆነች። በ1911 የኬሚስትሪን የኖቤል ሽልማት ለብቻዋ አገኘች።

ለዓመታት ያለ መከላከያ የነካችው ጨረር ደሟን ስለጎዳው በ1934 በ66 ዓመት ዕድሜዋ አረፈች። የምርምር ደብተሮቿ ዛሬም ጨረር ስለሚያወጡ በጥንቃቄ ይያዛሉ። ከሕይወቷ የምንረዳው፣ ዕውነትን ከተደባለቀችበት ለይቶ ማውጣት ዕውቀትን ብቻ ሳይሆን ትዕግሥትንና መሥዋዕትነትን ጭምር እንደሚጠይቅ ነው።